በድርቡ ውስጥ የተደበቀ ስም
(በሬዲዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

የዛሬው ርዕሳችን ከድብ ባሕር ከአንድ ወንድማችን የደረሰን ጥያቄ ነው። ለማታውቁት፣ ድብ ባሕር ከደባርቅ ወደ ዓዲ አርቃይ ሲወረድ ከሊማሊሞ ጠመዝማዛ በታች ያለች ቦታ ናት። በጥንቱ ዘመን ከጎንደር በዓድዋ በኩል ወደ ምጽዋ የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ የሚጓዘው በዚያ በኩል ነበር።

ወንድማችን ሸማኔ ነው፤ ሙያውን ከአባቱ ነው የተቀበለው። በሚሠራው ጋቢ ላይ ሁሉ በጥለቱ ጫፍ ሁለት ፊደል በቀይ ክር ይጥላል፤ አንዱ የስሙ፣ ሌላው የአባቱ ስም መነሻ ነው። አንዲት የጎንደር ደንበኛው፣ ክርስቲያን ናት፣ ለልጇ ሠርግ ለአማቾቿ የምትሰጠው ስድስት ጋቢ አዘዘችው። ዋጋ ተነጋግረው፣ ቀብድ ተቀብሎ ካበቃ በኋላ «እነዚያን ፊደሎች ግን አታድርግባቸው» አለችው። እሺ አለ። ማታ ድሩን ሲዘረጋ ነገሩ ከነከነው። «የእስላም ስም ስለሆነ ጠልታው ነው» ብሎ አሰበ። በአምስቱ ቃሉን ጠበቀ። በስድስተኛው ላይ ግን ጋቢው ሲደረብ በውስጥ በኩል በሚቀረው ገጽ ላይ ፊደሎቹን ደብቆ ጣለባቸው። ሴትዮዋ ሳታይ ቀሪውን ከፍላ ወሰደች። ሠርጉ ገና አልደረሰም። አሁን «ገንዘቡ ሐላል ነው ወይ? ሌላ ሰውስ እንዲህ ቢለኝ ምን ልመልስ?» ይለናል።

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ሁሉ፣ ልብስ ሰፊውም፣ አናጢውም፣ ብር ሠሪውም አንድ ቀን ይገጥመዋል።

በመጀመሪያ በሥራ ላይ ስምን ማስፈር ነውር አይደለም። አንዳንድ ወንድሞች «ይህ ሪያእ ነው፣ ለይዩልኝ ነው» ሲሉ እንሰማለን። ኒያው ለታይታ ከሆነ እውነት ነው። ስሙን ያኖረው ግን ጉድለት ቢገኝ ገዥው ማንን እንደሚጠይቅ እንዲያውቅ ከሆነ፣ ይህ ኃላፊነት መውሰድ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩ ሙስሊም ባለሙያዎችም ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። ዛሬ ለንደን በሚገኝ ሙዚየም የተቀመጠው ታላቁ የአርደቢል ምንጣፍ ጫፍ ላይ የካሻኑ መቅሱድ ስምና 946 ዓመተ ሂጅራ ተሸምኖበት ይነበባል። ሙሐመድ ኢብኑ ዘይን የተባለው የመምሉኮች ዘመን አንጥረኛ ደግሞ ፓሪስ ባለው የናስ ገንዳው ላይ ስሙን ስድስት ቦታ ጽፎበታል። (ስድስት ጊዜ ትንሽ ሳይበዛ አልቀረም።)

ይሁን እንጂ የሠሪው ስም የግድ መኖር አለበት ማለት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለነገሥታት ደብዳቤ ሊልኩ ሲያስቡ ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ እንደማያነቡ ተነገራቸው፤ የብር ቀለበትም አሠሩ። በቀለበቱ ላይ «ሙሐመድ ረሱሉላህ» የሚለው በሦስት መስመር ተቀረጸ። ከዚያ ሌላ ጽሑፍ አልነበረበትም፤ አንጥረኛው ስሙን አላኖረበትም። የታዘዘ ሥራ የአዛዡን ስም ብቻ ይዞ ቢወጣ የሠሪው ክብር እንደማይጎድል ከዚህ እንረዳለን። ደግሞም ነቢዩ ሌላ ማንም ሰው ያንኑ ጽሑፍ በቀለበቱ ላይ እንዳያስቀርጽ ከልክለዋል፤ ማኅተሙ የሚታመነው የአንድ ሰው ብቻ ሲሆን ነውና። ቀለበቱ ከእርሳቸው በኋላ ከአቡበክር ወደ ዑመር፣ ከዑመር ወደ ዑስማን ተላልፎ በዑስማን ዘመን በአሪስ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ሦስት ቀን ተፈልጎ አልተገኘም።

እንግዲህ ገዥ «ስምህን አታኑር» ቢል የተፈቀደ ጥያቄ ነው። ገዥ «የሌላ ሰው ስም አድርግበት» ቢልስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። የሰጪውን ወይም የሙሽሮቹን ስም ከሆነ ምንም አይደለም፤ ማን ሠራው የሚለውን አይነካም። ጎንደር ላይ በተሰፋ ሱሪ ላይ የጣሊያን ፋብሪካ ምልክት መስፋት፣ የአምናውን ብር በጭስ አጥቁሮ የጥንት ነው ለሚል ነጋዴ አሳልፎ መስጠት ግን ማጭበርበር ነው። ነቢዩ በገበያ ከእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥቡን ሲያገኙ ሻጩን እንዴት እንደገሠጹት ታውቃላችሁ። «እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት» ማለት አያድንም።

ወደ ወንድማችን እንመለስ። ሐነፊ ዑለሞች ተነግሮ የሚሠራ ዕቃ ውል ኢስቲስናዕ ይሉታል። ዕቃው ከተነገረው መግለጫ ውጭ ሆኖ ከመጣ ገዥው መቀበልም መመለስም ይችላል ይላሉ። ሴትዮዋ ቃሉን የተናገረችው ዋጋው ካለቀ፣ ቀብዱም ከተከፈለ በኋላ ነው። ያኔ «አይሆንም፣ እኔ ያለ ምልክቴ አልሠራም» ማለት መብቱ ነበር። ብዙ ባለሙያ ደንበኛ እንዳይቀርበት ብሎ እሺ ይልና በኋላ በሥራው ይቆጫል። እሺ ካለ ግን ቃል ሰጥቷል፤ ሙስሊም ደግሞ ሐራምን ሐላል እስካላደረገ ድረስ በገባው ቃል ይታሰራል።

«ስሜን የጠላችው እስላም ስለሆንኩ ነው» ያለውን እንዲሁ ልናልፈው አንችልም። እንዲህ ያለ ነገር የለም ብለን አንዋሽም። በጎንደር ታሪክ በ1668 (እ.ኤ.አ.) በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ተወስኗል፤ ኋላ አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ርስት የተከለከለው ወገናችን ፊቱን ወደ ንግድና ወደ ሸማ ሥራ አዞረ። ሸማኔ መባልም ስድብ ሆኖ ቆየ። ሆኖም ይህንኑ ሸማ ክርስቲያኑ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሄድበት ነበር። በሥጋ ያልተገናኘ ጎረቤት በጋቢ ተገናኝቷል። ወንድማችን የአባቱን ስም በቀይ ክር ሲጥል ይህ ሁሉ በልቡ ቢኖር አንፈርድበትም።

ነገር ግን ሴትዮዋን ጠይቋታል? አልጠየቃትም። ምናልባት ለአማት የሚሰጥ ስጦታ ላይ የማንም ፊደል እንዲታይ አልፈለገች ይሆናል። የሙስሊም ሙሽራ እናትም እንዲሁ ልትል ትችላለች። አላህ ብዙ ጥርጣሬን እንድንርቅ አዞናል፤ ከፊሉ ኃጢአት ነውና። ጠልታው ቢሆንስ? ያን ጊዜም መልሱ ፊት ለፊት «አልሠራም» ማለት ነበር። ደብቆ መጣል ግን የአባቱን ስም አላስከበረም፤ የገዛ ስሙን በስውር የተሠራ ነገር ምስክር አደረገው።

የአገራችንም ሕግ ቢሆን በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የሥራ አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅም፣ ስሙን ሳይገልጽ የመቅረትም መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሁለቱም የእርሱ ምርጫ ናቸው ማለት ነው።

ስለ ገንዘቡ፦ የአምስቱ ጋቢዎች ዋጋ ምንም ጥያቄ የለበትም። የስድስተኛው ዋጋ እርሷ አውቃ እስክትወድለት ድረስ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ወንድማችን ሠርጉ ሳይደርስ ጎንደር ይሂድ። «እትዬ፣ በአንዱ ላይ ቃሌን አልጠበቅሁም፤ ፊደሎቹ በድርቡ ውስጥ ናቸው» ይበላት። ክሩን መዝዤ ላውጣ፣ ሌላ ልሥራ፣ ወይስ ገንዘብሽን ልመልስ ብሎ ምርጫውን ለእርሷ ይተው። ያን ጊዜ ለምን እንደከለከለችው ይጠይቃት፤ አሁንም ቢሆን አልረፈደም። ለወደፊቱ ደግሞ ቀብድ ከመቀበሉ በፊት «እኔ ምልክት አኖራለሁ፤ ትፈልጊያለሽ ወይስ ይቅር?» ብሎ ራሱ ቀድሞ ያንሣው።

ውጤቱን ቢጽፍልን ደስ ይለናል። ወላሁ አዕለም።