የላፕቶፕን ዲስክ ስለ ማዘጋጀት



ዛሬ የማኅበር ሂሳብ በወረቀት ብቻ አይያዝም። በላፕቶፕም ይያዛል። ጽሑፉ የሚቀመጠው ሃርድ ዲስክ በሚባለው ዕቃ ላይ ነው። ሃርድ ዲስክ የላፕቶፑ ጎተራ ነው ብንል ያስኬዳል።

ላፕቶፑን የሚያሠራው ፕሮግራም ሲያረጅ ዲስኩ ተጠርጎ አዲስ ይጫናል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ነገሩ ብዙዎቻችንን ይመለከታል።

ጎተራ ከመጠረጉ በፊት እህሉ ይወጣል። አይደለም እንዴ? ዲስክም እንደዚሁ ነው።

አንደኛ፤ መዝገቡን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ እንገልብጥ። ከዚያም በሌላ ኮምፒዩተር ከፍተን እናንብበው። ተገልብጧል መባሉ ብቻ አይበቃም።

ሁለተኛ፤ አዲሱን ዊንዶውስ ለመጫን ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ እናዘጋጅ። በፍላሹ ላይ የነበረው ይጠፋልና ባዶ ይሁን።

ሦስተኛ፤ መጥረጉ ሳይጀመር መዝገቡ የተገለበጠበትን ዲስክ እንንቀል። ካልነቀልነው በስሕተት እሱም ሊጠረግ ይችላል። ላፕቶፑ ግን መሐል ላይ እንዳይጠፋ መብራት ላይ ይሰካ።

አራተኛ፤ የዲስኩ ክፍሎች በስክሪኑ ላይ ተዘርዝረው ይወጣሉ። ስማቸውንና መጠናቸውን አንብበን የላፕቶፑ መሆናቸውን ሳናረጋግጥ አናጥፋ። አንዴ የጠፋውን መመለስ አስቸጋሪ ነው።

ሥራውን ባለሙያ ቢሠራውም መዝገቡ የእኛ ነው። ማንበብ ተምረናልና፣ «የገለበጥከውን ከፍተህ አሳየን» እንበለው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።