የመኪና ጎማ ስትለውጡ ፊደሏን አንብቡ

(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በማኅበሩ አዳራሽ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ላወያያችሁ የተነሣሁት ስለ አንዲት ፊደል ነው። ይህች ፊደል ያለችው በመኪናችሁ ጎማ ጎን ላይ ነው። ጎማ ሲገዛ ሰው ሁሉ ዋጋውን ይጠይቃል፤ ጥርሱን በጣቱ ይዳስሳል። ፊደሏን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። እኔም አላየኋትም ነበርና ከራሴ ልጀምር።

የመጀመሪያ መኪናዬ እንደ ብዙዎቻችን ያድ ሽኒያ፣ ማለትም ያገለገለ ነበር። የኋላ ጎማዎቹ ሙልጭ ብለው ስለ ነበር በአገር ቤት ጎሚስታ ወደምንለው፣ እዚህ ፓንቸሪያ ወደሚባለው ቤት ወሰድሁት። ሻጩ ልኩ ትክክል የሆነ፣ ዋጋውም የቀነሰ ሁለት ጎማ አወጣልኝ። "ይህ ከነበረው በምን ይለያል?" ስለው፣ "በፍጥነት ፊደሉ ነው። የነበረው እስከ 240 ነው፤ ይህ እስከ 190 ነው። አንተ 190 ትነዳለህ እንዴ?" አለኝ። ሳቅሁ። እንኳን 190 ይቅርና 100 ስነዳ እንኳ ባለቤቴ ትቆጣኛለች። በአራት ታሽሉሚም ልከፍል ተስማምቼ ሄድሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በሐምሌ ሐሩር እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ፣ ባጋጁን በዕቃ ሞልቼ፣ ከሐዴራ ቤርሼባ ድረስ ለቅሶ ደርሼ ተመለስሁ። በሰላም ገባን። ቀጥሎ መኪናውን ለዓመታዊው ምርመራ፣ ለቴስት ስወስደው፣ መርማሪው ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ አነበበና "አላለፈም" አለኝ። ለመኪናው የተወሰነው ፊደል ቪ ነው፤ እኔ ያስገጠምሁት ቲ ነው። የመጀመሪያዎቹን ከፍዬ ሳልጨርስ ሌላ ሁለት ጎማ ገዛሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

ገንዘቡ አስቆጭቶኛል። ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ያ የቤርሼባ መንገድ ነው። እናቴ ከእነዚያ ጎማዎች በላይ ተቀምጣ ነበር። ያን ጊዜ ለሻጩ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። መልሱን ያገኘሁት ኋላ በጎማ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው። እሱን ልንገራችሁ።

በአገር ቤት አህያ ስንጭን ሁለት ነገር እናስብ ነበር። አንደኛው ምን ያህል ትሸከማለች የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ያን ሸክም ይዛ በምን ዓይነት እርምጃ ትሄዳለች የሚለው ነው። በዝግታ ስትሄድ የምትችለውን ሸክም እየሮጠች አትችለውም። ጎማም እንዲሁ ነው። ሸክሙና ፍጥነቱ ተያይዘው ይጻፋሉ።

የብዙ ቤተሰብ መኪና ጎማ ላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ፦ 195/65 አር 15፣ ቀጥሎ 91 ኤች። 195 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 65 ማለት የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። አር የጎማውን አሠራር ያመለክታል። 15 ጎማው የሚገባበት ቸርኬ በኢንች ነው። እስከዚህ ያለውን ሻጩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ልኩ ካልሆነ ጎማው ቸርኬው ላይ አይገባምና።

የሚታለፈው የመጨረሻው ነው። 91 የሸክም ቁጥር ነው፤ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ኤች ደግሞ የፍጥነት ፊደል ነው፤ ያን ሸክም ይዞ እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው። ሌሎቹን ፊደሎች እነሆ፦ ኤስ 180፣ ቲ 190፣ ዩ 200፣ ቪ 240፣ ደብልዩ 270፣ ዋይ 300 ናቸው። ኤች ከተራው ወጥቶ በዩ እና በቪ መካከል መግባቱን ልብ በሉ። በፊደል ተራ ብቻ የሚቆጥር ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

አሁን ወደ ሻጩ ጥያቄ እንመለስ። በዚህ አገር በየትኛውም አውራ ጎዳና ከ120 በላይ አልተፈቀደም። ታዲያ 190 ለምን አይበቃም? እውነቱን ለመናገር ሻጩ አልዋሸኝም። ጎማው አዲስ ሲሆን፣ ንፋሱም ልክ ሲሆን፣ በ110 ስለ ነዳችሁት ብቻ አይፈነዳም። ነገር ግን ፊደሏ የምትሰጠው ጎማው በፋብሪካ ምርመራ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ተጭኖ ሲፈተን ነው። ያን ጊዜ አዲስ ነው፤ ንፋሱም ተለክቶ የተሞላ ነው። የእኛ ጎማ ግን እንዲያ አይደለም። ንፋሱ ከወር ወር ይቀንሳል፤ በጠርዝ ድንጋይ ይመታል፤ በፀሐይ ይደርቃል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ይጫንበታል።

የጎማ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ጎማው መሬት በሚነካበት ቦታ ይተጣጠፋል፣ ሲነሣ ይዘረጋል። አሁን የጠቀስሁት ዓይነት ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ሁለት ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ በ110 ስትነዱ በየሴኮንዱ 15 ጊዜ ያህል ይዞራል። እያንዳንዱ መተጣጠፍ ሙቀት ይወልዳል። ሸክሙ ሲበዛ ወይም ንፋሱ ሲያንስ መተጣጠፉ ይጨምራል፤ ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል። በበጋ ወደ ሙት ባሕር ወይም በዐረባ ወደ ኤላት የሚወስደው አስፋልት ራሱ እሳት ነው። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ የጎማው ድርብርብ ይላቀቃል፤ ጥርሱ ያለበት ክፍል ከነሽቦው ይገነጠላል። ከፍ ያለ ፊደል ያለው ጎማ ይህን ሙቀት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሽቦው በላይ ናይሎን ይደረብለታል። ስለዚህ ከፊደሏ የምትገዙት ለክፉ ቀን የሚሆን ትርፍ ዐቅም ነው።

ሌላም አለ። መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ፊደሉን የመረጠው መኪናው ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛ ፍጥነት አይቶ ነው። መሪውና ፍሬኑም ከዚያው ጎማ ጋር ተስማምተው ተሠርተዋል። ልጅ በድንገት መንገድ ውስጥ ሲገባና መሪውን ሲጠመዝዙ፣ ጎኑ ልል የሆነ ጎማ ዘግይቶ ይታዘዛል።

እንግዲህ ጎማ ስትገዙ የሚከተለውን አድርጉ።

አንደኛ፣ ወደ ፓንቸሪያ ከመሄዳችሁ በፊት ለመኪናችሁ የተወሰነውን እወቁ። የጎማው ልክ በሪሽዮን ሬኼቭ፣ በመኪናው ፈቃድ ላይ ተጽፏል። የሸክሙን ቁጥርና የፍጥነቱን ፊደል በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ወይም በሹፌሩ በር አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ፈልጉ። በወረቀት ገልብጣችሁ ያዙ። የፈረንጁን ፊደል የማታነቡ አባቶችና እናቶች ልጃችሁ ይጻፍላችሁ፤ ወረቀቱንም ከጎማው ጋር አስተያዩ። ይህ አያሳፍርም።

ሁለተኛ፣ ከተወሰነው ፊደልና ቁጥር ከፍ ያለ መግጠም ይቻላል፤ ዝቅ ያለ ግን አትቀበሉ። በዕብራይስጥ ፊደሉ ኮድ መሂሩት፣ የሸክሙ ቁጥር ኮድ ዖሜስ ይባላል። እነዚህን ሁለት ቃላት ከያዛችሁ ሻጩ ምን እንደምትጠይቁ ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ አራቱም ጎማ አንድ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ዐቅም ካነሰና ሁለት ብቻ ከገዛችሁ ሁለቱን በአንድ መስመር ግጠሙ፤ አዲሶቹም ከኋላ ይሁኑ። በዝናብ የኋላው ሲንሸራተት መኪናውን መልሶ መያዝ ከባድ ነውና። የተለያየ ፊደል ባለበት መኪና የሁሉም ወሰን የዝቅተኛው ፊደል ወሰን ነው።

አራተኛ፣ የተሠራበትን ቀን፣ ታአሪኽ ዪጹር፣ ጠይቁ። በጎማው ጎን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 3422 ቢል በ2022 ዓመት በ34ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። "አዲስ ነው" ተብሎ ለዓመታት መጋዘን ውስጥ የቆየ ጎማ አለ። ብዙ አምራቾች 10 ዓመት የሞላው ጎማ ጥርሱ ቢኖርም እንዲለወጥ ይመክራሉ።

አምስተኛ፣ ዋጋውን ስትጠይቁ መግጠሙና ሚዛኑ፣ ማዓም የሚባለው ግብርም ተጨምሮ እንደ ሆነ ጠይቁ። ቀባላውን አትጣሉ፤ የጎማው ልክና ፊደሉ ተጽፎበት ይሁን።

ከገዛችሁ በኋላም በወር አንድ ጊዜ፣ ሩቅ መንገድ ከመሄዳችሁም በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ ንፋሱን አስለኩ። በሩ አጠገብ ያለው ወረቀት ሰው ሲሞላና ሳይሞላ የሚያስፈልገውን ንፋስ ለየብቻ ይነግራችኋል። ጥርሱንም እዩ። በጥርሶቹ መካከል 1.6 ሚሊሜትር ከፍታ ያላቸው ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ከእነርሱ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል።

ወገኖቼ፣ አዲስ ገቢ ቤተሰብ ብዙ ወጪ እንዳለበት አውቃለሁ። ውዱን ጎማ ግዙ አላልኋችሁም፤ ለመኪናችሁ የተወሰነው ፊደል ያለበትን ርካሽ ጎማ ፈልጉ፣ ሁለት ሦስት ቤት ዞራችሁም ዋጋ አወዳድሩ። በኅዳር ለሰግድ በዓል ሽማግሌዎቻችንን ጭነን ወደ ኢየሩሳሌም ዳገት ስንወጣ፣ መኪናው ሞልቶ፣ መንገዱም ረጥቦ ይሆናል። ያን ቀን ከመሬት ጋር የሚያገናኘን አራት መዳፍ የሚያህል ጎማ ብቻ ነው። ሻጩ "አንተ 190 ትነዳለህ እንዴ?" ቢላችሁ፣ "አልነዳም፤ እናቴን ግን እጭናለሁ" በሉት።