የኤሰን ጠረጴዛዎች

እሷ፦ በየዓመቱ በኦክቶበር ጀርመን ኤሰን ከተማ ብዙ ሕዝብ ይጎርፋል ሲሉኝ ለኳስ መስሎኝ ነበር።

እሱ፦ ለጠረጴዛ ጨዋታ ነው! ዝግጅቱን «ሽፒል» ይሉታል። በ1983 እ.ኤ.አ. በትንሹ ተጀምሮ፣ በ2024 ከ200 ሺህ በላይ ጎብኚ ገብቶበታል።

እሷ፦ አራት ቀን ሙሉ ካርታና ዳይስ? ትልልቅ ሰዎች?

እሱ፦ ትልልቅ ሰዎች! ወንበር ካገኘሽ ትቀመጪያለሽ፤ ሕጉን የሚያስረዳሽ ይመጣል፤ ከማታውቂያቸው ሰዎች ጋር ትጫወቻለሽ። «ካታን»ን ውሰጂ፤ የፈጠረው ክላውስ ቶይበር የጥርስ ቴክኒሻን ነበር፤ ጨዋታው በ1995 ጀርመን ውስጥ የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሎ ተሸለመ። በጨዋታው ውስጥ መንገድ ለመሥራት እንጨትና ሸክላ ያስፈልግሻል። እንጨት ብቻ ካለሽ፣ ሸክላ ካለው ጋር መደራደር ነው።

እሷ፦ ይሄማ ገበያ ነው! መርካቶ ያደገ ሰው ያሸንፋላ።

እሱ፦ ዳይሱ ካልከዳሽ!

እሷ፦ ቢሆንም መግቢያው በገንዘብ፣ ጨዋታው በገንዘብ። ለእኔ ያው የንግድ ትርዒት ነው።

እሱ፦ አልክድም፣ ነው። ግን ስንቱ ነጋዴ ነው ሳትገዢ አስቀምጦ አንድ ሰዓት የሚያጫውትሽ?

እሷ፦ እሱስ እውነት ነው። ጀርመን ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ልትሄዱ ካሰባችሁ ቲኬታችሁን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ።