ከቴሌቪዥን የተባረረ ቀልድ

እ.ኤ.አ. በ1986 ኮሜዲያኑ ቤፔ ግሪሎ የጣሊያን ሶሻሊስቶች ቻይናን ሲጎበኙ አስመስሎ ቀለደ፦ እዚህ ሁሉም ሶሻሊስት ከሆነ የሚሰረቀው ከማን ነው? የጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርቲ ስለተነካ ከመንግሥት ቴሌቪዥኑ ራይ ተገፋ፤ ወደ ቲያትር ቤትና ወደ አደባባይ ወጣ።

በ2003 ደግሞ የኮሜዲያኗ ሳቢና ጉዛንቲ የራይ የቀልድ ፕሮግራም «ራዮት» ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ ታገደ። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ የአገሪቱ ትልልቅ የግል ጣቢያዎች ባለቤትም ነበሩ። ታዲያ ከራይ የተባረረ ቀልደኛ የትኛውን በር ያንኳኳ? ቀልደኛን እንዲህ ማገድ በእኔ እምነት የሕዝብን መብት መንጠቅ ነው። ጉዛንቲ ግን ዝም አላለችም፤ እገዳውን በዘጋቢ ፊልም ተናገረች።

ከራይ የተገፋው ግሪሎ ደግሞ በ2009 የአምስት ኮከብ ንቅናቄ የተባለውን ፓርቲ መሠረተ። በ2018 ምርጫ ከየትኛውም ነጠላ ፓርቲ በላይ ድምፅ ያገኘው ይኸው ንቅናቄ ነው።