የሸክላው ሁለተኛ ፊት
(በተማሪዎች ማኅበር የሙዚቃ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛችን ይህን ሸክላ ከእኔ ጋር ሰምቶ ሲያበቃ «ይህች ሴት ዘፋኝ ናት ወይስ እብድ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀጥሎም፣ ጭንቅ ያለበት ሰው ጭንቁን በገዛ ድምፁ ይናገራል እንጂ በአሥር ሰው ድምፅ እየተለዋወጠ ቴአትር አይሠራም አለ። በዚያ ሌሊት የሚረባ መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ የምናገረው ለእርሱ ነው፤ እነሆ ከኋላ ተቀምጧል።

ሸክላው የእንግሊዛዊቷ የኬት ቡሽ «ሃውንድስ ኦቭ ላቭ» ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 ወጣ። የመጀመሪያውን ፊት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በዚያ ፊት ላይ ያለው «ራኒንግ አፕ ዛት ሂል» የተባለው ዘፈን በ2022 በአንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ምክንያት እንደ ገና ተነሥቶ፣ ከወጣ ከ37 ዓመት በኋላ በእንግሊዝ አገር አንደኛ ሆኗል። እኔ የምናገረው ግን ሸክላው ሲገለበጥ ስለሚገኘው ነው። ያ ፊት «ዘጠነኛው ማዕበል» ይባላል፤ ስሙ ከባለቅኔው ከቴኒሰን የተወሰደ ነው። ሰባት ዘፈኖች ሲሆኑ 26 ደቂቃ ያህል ይፈጃሉ፤ የሚተርኩትም የአንዲት ሌሊት ነገር ነው።

አንዲት ሴት ባሕር ውስጥ ወድቃለች። እንዴት እንደ ወደቀች አይነገረንም። የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ለብሳለች፤ በሰደርያው ላይ ትንሽ መብራት አለ፤ ከዚህ በቀር ምንም የላትም። ብታንቀላፋ ትሞታለች፤ እንቅልፍ ደግሞ እየጎተታት ነው። (አብዛኞቻችን ባሕርን የምናውቀው በካርታ ላይ ነው፤ ብርድንና ጨለማን ለማወቅ ግን ወደብ መውረድ አያስፈልግም።)

በሁለተኛው ዘፈን በግግር በረዶ ላይ ስትንሸራተት ከበረዶው ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር ታያለች፤ እርሷው ራሷ ናት። በሦስተኛው ቤተ ሰቦቿና ወዳጆቿ በየተራ ከእንቅልፏ ሊያነቋት ይጣራሉ። ወዲያው ግን ጥሪው ወደ ችሎት ይለወጥና ጠንቋይ ናት ተብላ ትከሰሳለች። በጥንት ዘመን በአውሮፓ በጥንቆላ የተጠረጠረችውን ሴት አስረው ውሃ ውስጥ ይጥሏት ነበር፤ ከተንሳፈፈች ጥፋተኛ ናት ይባላል፤ ከሰጠመች ንጹሕ ናት። እንግዲህ ለመዳን መንሳፈፍ ያለባት ሴት በምን ዓይነት ፍርድ ላይ እንደ ወደቀች አስቡት! የከሳሹን ወፍራም ድምፅ መጀመሪያ ስሰማ ሥቄአለሁ፤ አልክድም። ዛሬም ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል። የፍርዱን ነገር ካወቅሁ በኋላ ግን ሣቄ ቆመ።

ከዚያም በመንፈስ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የምትወደው ሰው ሰዓት እያየ ይጠብቃታል፤ አጠገቡ ቆማ አያያትም። ለእኔ ከሰባቱ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ጩኸት የለበትምና። በአምስተኛው፣ በአየርላንድ ጭፈራ መካከል፣ ወደ ፊት የምትሆነው አሮጊት ራሷ መጥታ በሕይወት እንድትቆይላት ትሟገታታለች። በስድስተኛው ምድርን ከላይ ሆና ስትመለከት ወንዶች የጆርጂያን የቆየ የሕዝብ ዜማ በኅብረት ያዜማሉ። በሰባተኛው ይነጋል። ድናለች ወይስ ሞታለች የሚለው ክርክር በመኝታ ቤታችን እስከ እኩለ ሌሊት አድርሶናል፤ ደራሲዋ ግን መዳኗን ተናግራለች።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ልመለስ። ባለፈው ዓመት አያቴ በታመሙ ጊዜ ሌሊት አጠገባቸው የማድር እኔ ነበርሁ። ትኩሳቱ ሲበረታባቸው አንድ ጊዜ ከሞቱ ብዙ ዘመን ካለፋቸው እናታቸው ጋር ይጫወታሉ፤ አንድ ጊዜ ስለ ድንበር ክርክር ዳኛ ፊት ቆመው ይሟገታሉ፤ ድምፃቸውም አብሮ ይለዋወጥ ነበር። እኔን ግን አያውቁኝም። ታዲያ አያቴ ቴአትር ይሠሩ ነበርን? በዚያ ክፍል ውስጥ ከእርሳቸውና ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ክፍሉ ሞልቶ ነበር። የኬት ቡሽ ሴት በአንድ ድምፅ ብቻ ብትዘፍን ኖሮ ጓደኛዬ የወደደው ጨዋ ዘፈን ይሆን ነበር፤ ያ ሌሊት ግን አይሆንም።

ደግሞ ይህ ነገር እንዲያው በድንገት የመጣ አይደለም። በ1982 ያወጣችው «ዘ ድሪሚንግ» በኪራይ ስቱዲዮዎች ብዙ ጊዜና ገንዘብ ፈጅቶ፣ የተሸጠው ግን እንደ ቀድሞዎቹ አልሆነም። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ቀላሉ ዘፈን በተመለሰ ነበር። እርሷ በወላጆቿ ግቢ ባለ ጎተራ ውስጥ የገዛ ስቱዲዮዋን አሠራች። ማናቸውንም ድምፅ ቀርጾ በፒያኖ ቁልፍ የሚያጫውት ፌርላይት የተባለ መኪና ነበራት፤ የሰዓት ኪራይ ስለማይቆጠርባትም እስክትጠግብ ሞከረች። ሥራውን ያቀናበረችውም ራሷ ናት። ሸክላው በእንግሊዝ አገር አንደኛ ወጣ።

በ2014፣ ከ1979 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በለንደን 22 ምሽት ተከታታይ ትርኢት ስታሳይ ይህን ፊት በሙሉ በመድረክ ሠራችው። ለትርኢቱ ሰደርያውን ለብሳ በውሃ ጋን ውስጥ እየተንሳፈፈች ስትዘፍን ፊልም ተነሥታለች፤ በመጀመሪያው ቀን ከውሃው ብዛት ብርድ ገብቶባት እስክትታመም ድረስ። ዕድሜዋ ሃምሳ ዓመት አልፎ ነበር።

እንግዲህ ንግግሬን እዚህ ላይ አቁሜ ሸክላውን ላጫውታችሁ። በሩ አጠገብ ያላችሁ መብራቱን አጥፉልን፤ እስኪያልቅም ማንም እንዳይነጋገር እለምናለሁ፤ ጓደኛዬ ጭምር።