የርግብ ፖስታና የመልእክት አደራ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለዛሬው ንግግር የተሰጠኝ ርእስ የመልእክት አድራሽ ርግቦች ታሪክ ነው። በሬዲዮና በሳተላይት ለምንገለገል የመገናኛ ባለሙያዎች ነገሩ እንደ ተረት ሊቆጠር ይችላል። ይሁን እንጂ ሙያችንን ዛሬም የሚያስጨንቀው ጥያቄ በዚህች ትንሽ ወፍ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ይታያል፤ ይኸውም ሊጠፋ በሚችል መንገድ የተላከ መልእክት እንዲደርስ ምን ማድረግ ይገባል የሚለው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የርግቧን ጠባይ እንመልከት። ርግብ ወደፈለግንበት ስፍራ አትሄድልንም፤ የምታውቀው ወደ ቤቷ መመለስን ብቻ ነው። ስለዚህ በተቀባዩ ዘንድ ያደገች ርግብ አስቀድማ በቅርጫት ወደ ላኪው መወሰድ አለባት። ከተለቀቀች በኋላ በፀሐይ፣ በመሬት መግነጢሳዊ ኃይል፣ በሽታና በምታውቃቸው ምልክቶች እየታገዘች አቅጣጫዋን እንደምታገኝ ተመራማሪዎች ይገልጻሉ። ይሁን እንጂ ጭጋግ፣ ጭልፊትና አዳኝ በመንገዷ ላይ ይጠብቋታል። ከኖኅ መርከብ ወጥታ የወይራ ቅጠል ይዛ የተመለሰችው ርግብ የታማኝነት ምሳሌ ስትሆን፣ ሄዶ የቀረውን ሰው ደግሞ «የቁራ መልእክተኛ» እንለዋለን። በእውነተኛው ሥራ ላይ ግን ርግብም ብዙ ጊዜ የቁራ መልእክተኛ ሆና ቀርታለች።

ይህን ጉድለት የጥንት ሰዎች አልዘነጉትም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ኑረዲን በሶርያ ያደራጀውና ኋላም የግብፅ ማምሉኮች ያስፋፉት የርግብ ፖስታ በየተወሰነ ርቀት የቆሙ ማማዎች ነበሩት። መልእክቱ በስስ ወረቀት ባጭሩ ተጽፎ ከማማ ወደ ማማ ይተላለፍ ነበር። አንዱን መልእክት በሁለት ቅጂ ጽፎ በሁለት ርግቦች መላክም የተለመደ ነበር።

ቴሌግራፍ ከተፈለሰፈ በኋላ እንኳ ርግቧ ከሥራ አልወጣችም። በ1850 ጁልየስ ሮይተር በጀርመን አኸን ከተማና በብራሰልስ መካከል የቴሌግራፍ ሽቦ ገና ስላልተገናኘ፣ ክፍተቱን በርግቦች ሞልቶ ዜና ከባቡር ቀድሞ ያደርስ ነበር።

ከሁሉ የበለጠው ትምህርት ግን ከፓሪስ ከበባ የሚገኘው ነው። በመስከረም 1870 የፕሩስያ ጦር ከተማይቱን ከበበ፤ የቴሌግራፉም መሥመር ተቆረጠ። ከፓሪስ መውጫው አየር ብቻ ስለነበር፣ እስከ ጥር 1871 ድረስ ከ60 በላይ ባሎኖች ደብዳቤ ጭነው ተነሡ። ባሎን ግን ነፋስ ወደወሰደው ይሄዳል እንጂ ተመልሶ ፓሪስ ላይ ሊያርፍ አይችልም። ስለዚህ የፓሪስ ርግቦች በባሎን ወጥተው፣ መልስ ይዘው ወደ ቤታቸው እንዲበሩ ተደረገ።

አንዲት ርግብ የምትሸከመው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ፎቶግራፍ አንሺው ረኔ ዳግሮን በኅዳር ወር በባሎን ከፓሪስ ወጣ። አብሮት የተነሣው ሌላ ባሎን በጠላት ተመትቶ ወደቀ፤ እርሱ ግን ከብዙ መከራ በኋላ ቱር ከተማ ደርሶ ሥራውን ጀመረ። በማተሚያ የተዘጋጁትን መልእክቶች ፎቶግራፍ እያነሣ፣ በዓይን ሊነበቡ እስከማይችሉ ድረስ አሳንሶ በስስ ፊልም ላይ አሰፈራቸው። ፊልሞቹ ተጠቅልለው በላባ ቀሰም ውስጥ ይገቡና በርግቧ ጅራት ላይ ይታሰሩ ነበር። በዚህ ዘዴ አንዲት ርግብ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ መልእክቶችን ልትይዝ ቻለች። ፓሪስ ሲደርሱም ፊልሞቹ በብርሃን ተጎልተው በግድግዳ ላይ ይታያሉ፤ ጸሐፊዎችም እየገለበጡ ለየባለቤቱ ይልካሉ። ለአንድ ቃል 50 ሳንቲም ይከፈል ነበር። በውጭ ላሉ ዘመዶች አራት ጥያቄዎች በካርድ ተልከው፣ «አዎን» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ ብቻ የሚመለስበት አገልግሎትም ነበር። ስለ ልጁ ጤና ለጠየቀ አባት ያች አንዲት ቃል የወራት ጭንቀት ማብቂያ ነበረች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ክረምቱ ከባድ፣ ቀኑ አጭር ነበር። ከተለቀቁት ከ300 በላይ ርግቦች መካከል ፓሪስ የደረሱት 60 ያህል ብቻ ናቸው። ላኪዎቹ ይህን ስላወቁ የእያንዳንዱን ፊልም ቅጂ በልዩ ልዩ ርግቦች ደጋግመው ሰደዱ፤ መድረሱ ከፓሪስ በወጣ ባሎን እስኪነገራቸው ድረስም አላቋረጡም። ከአምስቱ አንዷ ብቻ በምትደርስበት መንገድ አገልግሎቱ የቆመው በዚህ ሥርዓት ነው። የመዝጋቢው፣ የአታሚው፣ የፎቶግራፍ አንሺውና የገልባጩ ጸሐፊ ድካም ከርግቧ ክንፍ ያነሰ አልነበረም።

ወደ እኛ ዘመን የቀረበ ምሳሌም አለ። በሕንድ የኦዲሻ ፖሊስ የርግብ አገልግሎት የጀመረው በ1946 ነው። በ1982 በደረሰው የጎርፍ አደጋ ባንኪ የተባለችው ከተማ ከሌላው ተቆርጣ ሳለች መልእክት ያደረሱት ርግቦች ነበሩ። ሬዲዮና ስልክ እያሉ ርግብ መቀለብ ለብዙ ሰው ከንቱ ወጪ ይመስል ይሆናል፤ ዋጋው የታወቀው ግን ውኃው መንገዱን በዘጋ ጊዜ ነው።

የሥራ ጓደኞቼ ሆይ፤

ዛሬ ርግብ እናርባ ለማለት አልቆምኩም። ነገር ግን አዲስ መሣሪያ በተተከለ ቁጥር አሮጌውን ወዲያው የመጣል ልማድ በሙያችን ውስጥ አለ። መጠባበቂያውን ከመንቀላችን በፊት መሥመሩ በተቋረጠበት ሌሊት በምን እንደምንተካው እንጠይቅ። መልእክት ስንልክም መዝገባችን ላይ «ተልኳል» ብለን በመጻፍ አንርካ፤ «ደርሷል» የሚለው ቃል ከተቀባዩ እስኪመጣ ድረስ አደራው በእጃችን ነው። የቱር ሠራተኞች በዚያ ብርድ ያንኑ ፊልም ደግመው ደጋግመው ሲያስሩ የጠበቁት ይህንኑ አደራ ነበር።