ዛፍ እየተቆረጠ ደን የሚኖርበት ዘዴ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ስለ ደን በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ዘወትር በሁለት ወገን ይቆማል። አንዱ ወገን «ደኑ ይከለል፤ መጥረቢያ አይንካው» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ገጠሩ ማገዶና ማገር፣ ከተማውም ጣውላ ይሻል፤ ስለዚህ ይቆረጥ፣ በምትኩም ይተከል» ይላል። ሁለቱ ተቃራኒዎች ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ዛፍ መቁረጥና ደን ማጥፋት አንድ ነው ብለው ማመናቸው ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ መሆናቸውን፣ ልዩነታቸውም በቆጠራና በሒሳብ የሚታወቅ መሆኑን ማስረዳት ነው።

ደንን በማይቋረጥ ሽፋን መያዝ የሚባለው ዘዴ መሠረቱ ቀላል ነው። ደኑ በአንድ ጊዜ ተጠርጎ አይቆረጥም፤ በየጥቂት ዓመቱ ዛፍ በዛፍ እየተመረጠ ይቀነሳል እንጂ። በአንድ ሄክታር ውስጥ ችግኙም፣ ለጋውም፣ ጎልማሳውም፣ ሽማግሌውም ዛፍ አብረው ይኖራሉ። አንድ ትልቅ ዛፍ ሲወድቅ በሚከፈተው ቦታ ብርሃን ወደ መሬት ይወርዳል፤ ከአካባቢው እናት ዛፎች የረገፈው ዘርም በዚያ ይበቅላል። በዚህ ዓይነት አፈሩ ራቁቱን ሆኖ የሚገጥመው ክረምት አይኖርም። ለመንገድና ለግድብ መሐንዲስ ይህ ነጥብ ብቻውን ትልቅ ዋጋ አለው። ከተራቆተ ተዳፋት የሚወርደው ደለል የመንገዱን የውኃ መውረጃ ይደፍናል፤ የግድቡንም የውኃ መያዣ ቦታ እየሞላ ዕድሜውን ያሳጥራል።

የዚህ ዘዴ ስመ ጥር ምሳሌ በስዊዘርላንድ፣ በኔሻቴል ካንቶን፣ በዩራ ተራሮች ውስጥ የሚገኘው የኩቬ መንደር ደን ነው። ደኑ የአንድ ባለጸጋ ርስት ሳይሆን የመንደሩ የጋራ ንብረት ነበር። መንደሩ በ2009 እ.ኤ.አ. ከአጎራባቾቹ ጋር ተዋሕዶ ቫል ደ ትራቬር በሚባል አንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ገብቷል። በዚህ ደን ውስጥ ኦንሪ ቢዮሌ የተባለው የደን ባለሙያ በ1890 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ጀመረ። ሐሳቡን አስቀድሞ ያመነጨው ፈረንሳዊው አዶልፍ ጉርኖ ነበር፤ ቢዮሌ ግን በመንደር ደን ላይ ለአሥርት ዓመታት እየሠራ ፈተነው፤ ውጤቱንም በ1920 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው። አሠራሩ «የቁጥጥር ዘዴ» ተብሎ ይታወቃል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ደኑ በቋሚ ክፍሎች ይከፋፈላል። በየክፍሉ ከተወሰነ ውፍረት በላይ ያለው ዛፍ ሁሉ በደረት ልክ፣ ማለትም በ1.30 ሜትር ከፍታ ላይ ይለካና በየውፍረት መደቡ ይመዘገባል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ቆጠራ በዚያው ክፍል፣ በዚያው መለኪያ ይደገማል። በመካከሉ የሚቆረጠው ዛፍም ከመውደቁ በፊት ተለክቶ በመዝገብ ይሰፍራል። ከዚህ በኋላ የቀረው የመደመርና የመቀነስ ሥራ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ክፍል በመጀመሪያው ቆጠራ በሄክታር 300 ሜትር ኩብ እንጨት ተገኘ እንበል። ከ7 ዓመት በኋላ 307 ሜትር ኩብ ተገኘ፤ በመካከሉ 42 ሜትር ኩብ ተቆርጧል። እንግዲህ ደኑ በ7 ዓመት ውስጥ የሰጠው 49 ሜትር ኩብ፣ በዓመትም 7 ሜትር ኩብ ነው ማለት ነው። ባለቤቱ ከዚህ ውስጥ በዓመት 6ቱን ወስዶ 1ዱን በቁጠባ ትቶታል። ቆረጣው 7ቱን ካለፈ ግን ከወለዱ አልፎ ዋናውን መብላት ጀምሯል። በዚህ ሒሳብ አዲስ የመለኪያውን ወሰን ያለፉ ለጋ ዛፎች ለብቻቸው መታየት አለባቸው፤ አለዚያ አዲስ የገባው ዛፍ እንደ ነባሩ እድገት ይቆጠርና ስሌቱን ያሳስታል።

መዝገቡ የሚናገረው ስለ ጠቅላላው መጠን ብቻ አይደለም። ፍራንሷ ደ ሊዮኩር የተባለው ፈረንሳዊ በ1898 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ዕድሜው በተቀላቀለ ደን ውስጥ ቀጫጭኖቹ ዛፎች ብዙ፣ ወፍራሞቹ ጥቂት ናቸው፤ ከአንዱ የውፍረት መደብ ወደሚቀጥለው ሲታለፍም ቁጥሩ በተቀራራቢ ድርሻ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለሆነም ሠንጠረዡን የሚያነብ ሰው የቀጫጭኖቹ መደብ ባዶ ከሆነ ደኑ ተተኪ እንደሌለው ይረዳል። የወፍራሞቹ መደብ ያለ ምክንያት ከሳሳ ደግሞ ምርጥ ምርጡ ተለቅሞ መውጣቱን ያውቃል።

ይህ የመጨረሻው ነገር በኢትዮጵያ ላለው የማኅበረሰብ ደን ዋናው አደጋ ነው። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ በጭልሞ፣ በቦንጋና በአዳባ ዶዶላ አሳታፊ የደን አስተዳደር ተጀምሯል። በአዳባ ዶዶላ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቋቋሙት፣ «ዋጂብ» ተብለው የሚጠሩት የደን ነዋሪዎች ማኅበራት አወቃቀራቸው በልክ የተሠራ ነበር። ለአንድ ቤተሰብ 12 ሄክታር ታስቦ፣ አንዱ ማኅበር ከ30 ቤተሰብ እንዳይበልጥ፣ የደኑም ክፍል ወደ 360 ሄክታር እንዲሆን ተደረገ። አባላቱ በደኑ የመኖርና የመጠቀም መብት ሲያገኙ፣ በበኩላቸው የደኑን ሽፋን የመጠበቅ ግዴታ ገቡ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065ም የማኅበረሰብ ደንን ራሱን የቻለ የባለቤትነት ዓይነት አድርጎ ዐውቆታል።

ይሁን እንጂ የሽፋን መጠበቅ ብቻውን በቂ ምስክር አይሆንም። ከሩቅ ተራራ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው አረንጓዴው ያው ነው። ከሥሩ ግን ቀጥ ያለው ጽድና ወፍራሙ ዝግባ አንድ በአንድ ወጥቶ፣ የቀረው ጠማማና ክፍት ያለበት ዛፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ሽፋኑ አልተቋረጠም፤ ደኑ ግን ዘር የሚሰጡ ምርጥ እናቶቹን አጥቷል። እንዲህ ያለውን ጉዳት ከሰማይ የተነሣ ሥዕል ፈጥኖ አይገልጠውም፤ በደረት ልክ የተያዘ መዝገብ ግን ይገልጠዋል። ስለዚህ እየመረጡ መቁረጥ ማለት የተሻለውን መልቀም ሳይሆን፣ ዕድሜውን የጨረሰውን፣ የታመመውንና መልካሙን ጎረቤቱን የሚጫነውን ማንሣት ማለት ነው። ሕግ የሚጠብቃቸው ዛፎችም ይመዘገባሉ እንጂ አይነኩም።

የኩቬ ቁጥር ግን ለኢትዮጵያ ደን አይገለበጥም። የዚያ ሀገር ደን መሠረት የሆነው የፈር ዛፍ ችግኝ በጥላ ሥር ለብዙ ዓመታት ይታገሣል። በኢትዮጵያ ደጋ ዝግባ ጥላን ሲችል ጽድ ብርሃን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለጽድ የሚከፈተው ቦታ ሰፋ ማለት ይኖርበታል። የቆላና የወይና ደጋ ዛፎችም እንደየዓይነታቸው መታየት አለባቸው። ሁለተኛው ልዩነት የከብት ነው። ከብትና ፍየል ያለ ሥርዓት በሚገቡበት ደን ቦታው ቢከፈትም ችግኙ ይበላል፤ ስለሆነም የተቆረጠበት ክፍል ችግኙ ከከብት አፍ በላይ እስኪሆን ከግጦሽ መከለል አለበት። ሦስተኛው፣ የብዙ ሀገር በቀል ዛፎች ግንድ ውስጥ ያለው ቀለበት ዓመቱን በትክክል የማይናገር በመሆኑ፣ እድገታቸውን ለማወቅ አስተማማኙ መንገድ ያንኑ ደን ደጋግሞ መለካት ነው። ከኩቬ የሚወሰደው እንግዲህ ቁጥሩ ሳይሆን የመጠየቂያው ሥርዓት ነው።

ከዚህ የሚከተሉት ተግባሮች ከባድ አይደሉም። ለቆጠራው የሚያስፈልገው የውፍረት መለኪያ፣ ቀለም፣ መዝገብና ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ጥቂት የማኅበሩ አባላት ናቸው። መዝገቡም በከተማ ቢሮ ብቻ ሳይሆን በደኑ ባለቤቶች እጅ መቀመጥ አለበት፤ የራሱን ሒሳብ የሚያነብ ሰው ከሕገ ወጥ ቆራጭም ሆነ ከተሳሳተ ትእዛዝ ደኑን በማስረጃ ይከላከላልና። መሐንዲሱ በበኩሉ ካርታውን በማንሣት፣ የክፍሎቹን ወሰን በማበጀትና ግንድ የሚወጣበትን መንገድ ተዳፋቱን በማይሸረሽር መስመር በመቀየስ ሊረዳ ይችላል። ለግንባታው ጣውላ ሲያዝም ከየትኛው ደን፣ በምን መዝገብ እንደወጣ መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ጥያቄ በገበያው ከተለመደ፣ የሚቆጥረው ማኅበር ከማይቆጥረው ነጣቂ ተለይቶ ይታወቃል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ሊታሰብ ይገባል። የመጀመሪያው ቆጠራ ብቻውን የደኑን ሀብት እንጂ እድገቱን አይናገርም፤ እድገቱ የሚታወቀው በሁለተኛው ቆጠራ ነው። የመጀመሪያው በዘገየ ቁጥር ሁለተኛውም በዚያው ልክ ይዘገያል፤ ደኑ ግን በዚህ መካከል ሳይለካ መቆረጡን አያቆምም። ስለዚህ ቆጠራው ከቆረጣው መቅደም አለበት።